«ደረሰ»፦ ስለ ጋዜጣ አርእስትና ስለ ኀላፊ ጊዜ

አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ከግድግዳ ላይ ነው።

የአያቴ ቤት ሻንቶ ነበር፤ ዛሬ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው፣ በልጅነቴ ግን ከገበያ ቀን በቀር ብዙ ሰው በማይታይባት ትንሽ ከተማ። የቤቱ የጭቃ ግድግዳ አቧራ እንዳያራግፍ፣ አጎቴ ከሶዶ በሚያመጣቸው አሮጌ ጋዜጦች ተለብጦ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ቤት እንዲሁ ነበር። ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ ስኳርና በርበሬ ይጠቀለልበታል፤ ከዚያ የተረፈው ግድግዳ ላይ ይወጣል። አጎቴ ሲለጥፍ ንባብን አላሰበም። አንዳንዱ ገጽ በቁሙ፣ አንዳንዱ በጎኑ፣ አንዳንዱም ተዘቅዝቆ ነበር የተለጠፈው። ስለዚህ እኔ ፊደል ያጠናሁት አንገቴን እያጣመምኩ፣ አንዳንዴም መደብ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ነው።

አያቴ አማርኛ አትሰማም ነበር። ማታ ማታ እንዝርቷን እያሾረች፣ እኔ ትልልቁን ፊደል እየለቀምኩ አነብላታለሁ፤ ወደ ወላይትኛም እመልስላታለሁ። ትልልቁ ፊደል ሁልጊዜ አርእስቱ ነው። አርእስቱም ሁልጊዜ የሚያበቃው ባለቀ ነገር ነበር፦ ተመረቀ፣ ተከፈተ፣ ገቡ፣ አስታወቁ፣ ተጠናቀቀ። በግድግዳችን ላይ ገና በመሆን ላይ ያለ ነገር አልነበረም። ሁሉም ሆኖ ያለቀ ነው።

ምድጃው አጠገብ ባለው ጥግ አንድ ገጽ ነበር። አርእስቱ በሌላ ገጽ ተሸፍኖ የቀረው የመጨረሻው ቃል ብቻ ነው፦ «ደረሰ»። ከሥሩ ባለው ጭስ ባጠቆረው ደቂቅ ጽሑፍ ውስጥ ስለ እርዳታ እህል የሚናገር መስመር ይታያል። የጋዜጣው ስምና ቀኑ አይታይም። አንድ ማታ ይህን አነበብኩላት። «የእርዳታ እህል ደረሰ ይላል» አልኳት። አያቴ እንዝርቷን አቆመች።

«የት ደረሰ?» አለችኝ።

«ተሸፍኗል፤ አይታይም።»

«ለማን ደረሰ?»

«እሱም አይታይም።»

«መቼ?»

«ቀኑም የለም።»

ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያውስ ገና መንገድ ላይ ነው» ብላ ወደ ፈትሏ ተመለሰች።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከዚያ ቤት አንድ ልጅ እንደ ጎደለች፣ የጎደለችውም የአያቴ የመጨረሻ ልጅ እንደ ነበረች የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ማታ የማውቀው ቢኖር፣ እኔ ያነበብኩት ቃል ኀላፊ ሆኖ ሳለ አያቴ እንደ ኀላፊ አለመቀበሏን ብቻ ነው።

*

ዓመታት አልፈው እንግሊዝኛ ስማር ደግሞ ተቃራኒው ገጠመኝ። መምህራችን የአሁኑ ጊዜ ግስ ለዘወትር ልማድና ለማይለወጥ እውነት ነው ብለው አስተማሩን፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፣ ላም ሣር ትበላለች። ከዚያ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ገለጥኩና ትናንት የሞተው ሰውዬ «ይሞታል»፣ ትናንት የወደቀው ድልድይ «ይወድቃል» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። ሕጉን የሚጥሱት ቋንቋውን የማያውቁ መሰሉኝ። ዘግይቶ ነው አርእስት የራሱ ሰዋስው እንዳለው የገባኝ፦ ላለፈው ነገር የአሁኑን ጊዜ፣ ለሚመጣው ነገር ደግሞ ጊዜ የሌለውን ንዑስ አንቀጽ ይጠቀማል።

ነገሩ ከጥንት የነበረ አይደለም። የቀድሞዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ጋዜጦች አርእስት ከስያሜ ብዙም አያልፍም ነበር፤ ወሬው የመጣበትን ከተማና ጉዳዩን መሰየም ብቻ ነበር ሥራው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1865 ኒውዮርክ ታይምስ የፕሬዚዳንት ሊንከንን መመታት ሲያወጣ የመጀመሪያው መስመር «አሰቃቂ ነገር» የሚል ነው፤ ግስ የለውም። ቀጥሎ የሚመጣው መስመርም ፕሬዚዳንቱ በነፍሰ ገዳይ መመታታቸውን የሚናገረው ጊዜን በማያሳይ ቅርጽ ነው። ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1912 ያው ጋዜጣ የታይታኒክን አደጋ ሲያወጣ ግን መርከቢቱ የበረዶውን ተራራ ከመታች ከአራት ሰዓት በኋላ «ትሰምጣለች» ይላል። መርከቢቱ የሰመጠችው ባለፈው ቀን ሌሊት ነበር።

በመካከሉ ምን ሆነ? ቴሌግራፍ ተስፋፋ፤ የሩቅ አገር ነገር በማግስቱ መሰማት ጀመረ። ጋዜጣ በጎዳና ላይ በጩኸት የሚሸጥ ዕቃ ሆነ፤ አርእስቱም የሻጩ ጩኸት ሆነ። የዓምዱ ስፋት ጠባብ ነውና አጭር ቃል ይመረጣል፤ የአሁኑ ጊዜ ግስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ከሁሉ በላይ ግን የእንግሊዝኛ ኀላፊ ግስ ብቻውን ሲቆም አንባቢን «መቼ?» እንዲል ያደርገዋል፤ ቀን ይፈልጋል። የአሁኑ ጊዜ ቀን አይፈልግም። አርእስቱን «ትናንት» ከሚል ቃል ያድነዋል። ትናንት የሚል ዕቃ ማን ይገዛል?

ይህ ልማድ አንዳንዴ ባለቤቱን ያዋርዳል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1948 የወጣው ቺካጎ ዴይሊ ትሪቢዩን በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ዲዊ ትሩማንን እንደሚያሸንፍ ሳይሆን እንዳሸነፈ፣ በአሁኑ ጊዜ ግስ፣ በትልቁ አተመ። ድምፁ ተቆጥሮ ሳያልቅ ማተሚያ ቤት የገባ ጋዜጣ ነበር። ያሸነፈው ትሩማን ነው። ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ እየሳቀ የተነሣው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል። ያ አርእስት ለኀላፊ የቆመ የአሁን ጊዜ ነበር፤ ኀላፊው ግን ፈጽሞ አልሆነም።

*

እስቲ ይህን ወደ እኛ እንመልሰው። አንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል ቢያወጣው «ታይታኒክ ትሰምጣለች» ይሆናል። አንባቢው ግን ለሟቾች አያዝንም፤ ተሳፋሪዎቹን ለማስጠንቀቅ ይሮጣል። የቀድሞ ሰዋስው ሊቃውንቶቻችን ይህን የግስ ቅርጽ የሰየሙት በከንቱ አይደለም። «ሰመጠ» ኀላፊ ነው፤ «ይሰምጣል» ግን ትንቢት ነው። እንግሊዞች ላለፈው የሚጠቀሙበትን ቅርጽ የእኛ ሊቃውንት ትንቢት ብለው ጠሩት። በትንቢት ደግሞ ዜና አይነገርም።

ታዲያ የእኛ አርእስት በኀላፊ ግስ በመጻፉ ነገሩን አሮጌ አድርጎብናል? አይመስለኝም። የአማርኛን ኀላፊ ከእንግሊዝኛው ጋር እኩል ማድረግ ስሕተት ነው። ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ አስተናጋጁን ስትጠሩት «መጣሁ!» ይላል፤ ከቆመበት ግን ገና አልተነቃነቀም። ባልንጀራችሁን በስልክ «የት ደረስክ?» ብትሉት «ደረስኩ፣ ደረስኩ!» ይላችኋል፤ ታክሲው ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረዋል። «ደርሻለሁ» ቢላችሁ ግን ዞር ብላችሁ ትፈልጉታላችሁ። ሰው በሕይወት ቆሞ «ሞትኩ!» ብሎ ይጮኻል። እሳት ሲነሣ ጎረቤት የሚጠራው «ነደደ!» በሚል ጩኸት ነው እንጂ «እየነደደ ነው» በሚል ሐተታ አይደለም። ነቢያቱም ሊመጣ ያለውን ነገር እንደ ሆነ አድርገው በኀላፊ ይናገራሉ፤ ለተናጋሪው እርግጥ የሆነ ነገር አልፏልና።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የአፍሪካን የክለቦች ዋንጫ አምስት ጊዜ የወሰደውን የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ጥሎ ሲያልፍ፣ ወሬው ከቤት ቤት የዞረው በአንድ ቃል ነው፦ «አለፈ! ድቻ አለፈ!» «አልፏል» ያለ ሰው ቢኖር ከመዝገብ ላይ የሚያነብ ይመስል ነበር። ባዶው ኀላፊ፣ ያለ «አል»፣ ያለ «ነበር»፣ እየሮጠ ለሚመጣ ሰው የተሰጠ ግስ ነው። ትንፋሹ ሳይሰበሰብ የሚናገረው ነው። ስለዚህ የአማርኛ አርእስት «አለፈ» ሲል፣ እንግሊዝኛው በአሁኑ ጊዜ ሊያደርገው የሚሞክረውን እርሱ በኀላፊ ያደርገዋል።

በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ደግሞ ነገሩ ከዚህም የቀጠነ ነው። በወላይትኛ «መጣ» ለማለት «ዪስ»፣ «ይመጣል» ለማለት «ዬስ» እንላለን። በመጣውና በሚመጣው መካከል ያለው አንድ አናባቢ ብቻ ነው። ያን ማታ ለአያቴ ስተረጉም አናባቢዬን አልሳትኩም። እርሷ ግን የሰማችውን ነገር በቤቷ ውስጥ ከምታየው ጋር አስተያይታ አናባቢውን ራሷ መለሰችው።

*

ባለፈው ነገር ላይ የአሁኑን ጊዜ መጫን ከወዴት እንደሚመጣ የገባኝ ግን ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከመርዶ ነው።

አያቴ ስታርፍ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ዘመዶቼ እንደ አገራችን ወግ ወዲያው አልነገሩኝም። ቀብሯ ካለፈ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። የመጡት ሽማግሌ ቁጭ ካሉ በኋላ የተናገሩት ሁለት ቃል ነው፦ «አያትህ አረፈች።» ባለፈው ሳምንት አላሉም፤ ከተቀበረች ሦስት ቀኗ ነው አላሉም። እኔም መቼ ብዬ አልጠየቅሁም። ለእኔ አያቴ የሞተችው በዚያ ንጋት፣ በዚያ ሰውዬ አፍ ውስጥ ነው። ልቅሶዬ ከዚያ ተጀመረ፤ የሚያለቅሰኝም ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆጠረ። ዘመዱ ውጭ አገር ሞቶበት ከወራት በኋላ የተረዳ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሞት የሆነበት ቀን አንድ ነው፤ የደረሰበት ቀን ግን የሰሚው ነው።

የጋዜጣ አርእስትም መርዶ ነጋሪ ነው። የሚናገረው ነገሩ ስለ ሆነበት ሰዓት አይደለም፤ አንባቢው ስለ ሰማበት ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ ይህን የሰሚውን ሰዓት በአሁኑ ጊዜ ግስ ያሳያል፤ አማርኛ በሯጩ ኀላፊ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1975 ኒውዮርክ ታይምስ የኢትዮጵያው ኃይለ ሥላሴ በ83 ዓመታቸው «ይሞታሉ» ብሎ በአሁኑ ጊዜ አወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በደርግ እጅ ሳሉ የሞቱት በዋዜማው፣ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አሟሟታቸው በሕመም ነው ተብሎ የተነገረው ግን አልጸናም። አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከተቀበረበት ወጣ፤ በክብር የተቀበሩትም በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። ያ የአሁን ጊዜ ግስ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ቆመ ቀረ። ግስ ጊዜን ይናገር እንጂ እውነትን አይዋስም።

*

የእኛ ጋዜጠኛ ኀላፊን ለምን መረጠ ብዬ ሳስብ፣ መልሱ «ዜና» በሚለው ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ዜና የግእዝ ቃል ነው፤ ከጋዜጣ በፊት የኖረው በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የነገሥታቱን ታሪክ «ዜና መዋዕል» እንለዋለን። ለአውሮፓ ጋዜጠኛ ወሬ አዲስ ነገር ነው፤ የቃሉም ሥር «አዲስ» ከሚል ነው። ለእኛ ጸሐፊ ግን ዜና ታሪክ ነበር። የዜና ጸሐፊው ብዕር ከታሪክ ጸሐፊው የተወረሰ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊም «ነገሡ፣ ዘመቱ፣ ድል ነሱ» ይላል።

ከብዕር በፊት ደግሞ ነጋሪት ነበረ። አዋጅ ግን ዜና አይደለም፤ ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲባል የሚነገረው ስለሚሆነው ወይም መሆን ስላለበት ነው። የሆነውን ለመንገር የተሠራ ወረቀት ዘግይቶ ነው የመጣው። የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው የተማረኩበት፣ የወላይታም መንግሥት የወደቀበት የ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ዘመቻ አርእስት አልነበረውም፤ በአማርኛ የሚታተም ጋዜጣ ያን ጊዜ አልነበረምና። ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄይም ያየውን በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ ነው። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ታሪክም ከአማርኛው አስቀድሞ የታተመው በፈረንሳይኛ ትርጉም፣ እ.ኤ.አ. በ1930ና በ1931 ነው። የአያቶቼ ውድቀት ለአንባቢ የደረሰው እንግዲህ በመጀመሪያ በባሕር ማዶ ቋንቋ ነበር።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ግሪካዊው አንድሬያስ ካቫዲያስ «አእምሮ»ን በእጅ እየተጻፈች እንድትወጣ አደረገ። በ1917 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ማተሚያ ቤት «ብርሃንና ሰላም» ተጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ወር ከጥቂት ቀን ሳይሞላ፣ ግንቦት 30 ቀን፣ «አዲስ ዘመን» ወጣ። ስሙ ስለ አሁን ይናገራል፤ አርእስቶቹ ግን በኀላፊ ነበሩ። እስከ ዛሬም እንዲያው ናቸው።

*

እንግዲህ ጊዜውን ከነቀፌታ አወጣሁት። ከግሱ ጋር ግን አልታረቅሁም።

የግድግዳችንን አርእስቶች ዛሬ ሳስታውሳቸው፣ ብዙዎቹ ስለ ሆነው ነገር አልነበሩም፤ ስለ ተናገረው ሰው ነበሩ። ገለጹ፣ አስታወቁ፣ አስገነዘቡ፣ አሳሰቡ። ተናጋሪው ሲጠፋ ደግሞ ተገለጸ፣ ተጠቆመ፣ ተባለ። በዚህ ዓይነት አርእስት ውስጥ በእርግጥ የተፈጸመው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ መናገር። እህሉ፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ ከንግግሩ በስተኋላ ነው የሚቆሙት። ኀላፊው ግስ ማረጋገጫ የሚሰጠው ለንግግሩ ሲሆን፣ አንባቢው ግን ለነገሩ የተሰጠ አድርጎ ይወስደዋል። በዘመነ ንጉሡም፣ በዘመነ ደርግም፣ ከዚያም በኋላ ይህ ልማድ ስሙን እንጂ ጠባዩን አልለወጠም።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. አገሪቱ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ስታከብር፣ የጋዜጣው ዓምድ ሁሉ በተመሠረተና በተከበረ ነገር ተሞልቶ ነበር። ረሃቡ ያን ጊዜ ወሎንና ትግራይን ይዞ ነበር፤ ወላይታም አልቀረላትም። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ የማይክል ቢዩርክን ዘገባና የመሐመድ አሚንን ምስል ከኮረም አስተላለፈ። ዘገባው የሚጀምረው በአሁኑ ጊዜ ግስ ነው፦ ፀሐይ ትወጣለች፣ በሜዳው ላይ ያለውን ረሃብ ታበራለች፤ ይህም የሚሆነው አሁን፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው ይላል። ምስሉ የተቀረጸው ቀደም ብሎ ነበር፤ ያ ንጋት አልፏል። ነገር ግን የተናገረው የአሁን ጊዜ ግስ ሐሰት አልነበረም። ሰዎቹ ያን ማታም እየሞቱ ነበርና። ለኀላፊ የቆመ የአሁን ጊዜ እንደዚያ ቀን ቦታውን ያገኘበት ሌላ ቀን አላውቅም። እኛ ዘንድ ያለቀው በዓል ነበር፤ እነርሱ ዘንድ ያላለቀው ረሃብ።

ይህን ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ያውቅ የነበረው በዓሉ ግርማ ይመስለኛል። የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ የነበረ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። አርእስት እንዴት እንደሚሠራ፣ ግሱስ በማን ፈቃድ እንደሚዘጋ ያውቃል። በ1974 ዓ.ም. ወደ ኤርትራ ከተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር ሄደ። ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ ቀረ። በዓሉም በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ልብ ወለድ ጋዜጠኛን ባለታሪክ አድርጎ ይህንኑ ዘመቻ ይተርካል። ስሙ «ኦሮማይ» ነው፤ ከጣልያንኛ ወደ አሥመራ አነጋገር የገባ፣ አለቀ፣ አበቃለት የሚል ቃል። ግስ አይደለም፤ ግን የትኛውም ኀላፊ ግስ የማይናገረውን ይናገራል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ለእርሱ አርእስት ሊጻፍ አልቻለም። «አረፈ» የሚል መርዶ ነጋሪ አልመጣም፤ «ይመጣል» የሚል ትንቢትም የለም። ቤተሰቡ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ቀረ።

*

በቅርቡ ሻንቶ ሄጄ ነበር። ያ ቤት አሁን የብሎኬት ሆኗል፤ ግድግዳው ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። ወጣቶቹ ወሬ የሚያነቡት በስልካቸው ነው። በየደቂቃው «ሰበር ዜና» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ከሥሩም ያው የጥንቱ ኀላፊ ግስ ተቀምጧል፦ ተመረቀ፣ ተከፈተ፣ ተጠናቀቀ፣ ደረሰ። ስልክ ግድግዳ አይደለምና ቀኑ በሌላ ገጽ አይሸፈንም። ቢሆንም የወር ያለፈው ወሬ ዛሬ ተልኮልኝ እንደ አዲስ የደነገጥኩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የአርእስት ጸሐፊዎችን ጊዜ ቀይሩ አልልም። ኀላፊያችን ሕያው ነው፤ ከእንግሊዝኛ የምንበደረው የለንም። እኔ አርእስት ሳነብ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ ላይ ስደርስ እቆምና አንዲት ወላይታዊት አሮጊት በእሳት ዳር የጠየቀችኝን ሦስቱን ጥያቄዎች እጠይቃለሁ፦ የት? ለማን? መቼ? መልስ ካገኘሁ፣ ነገሩ በእርግጥ ሆኗል ብዬ እቀበላለሁ። ካላገኘሁ ግን፣ ቃሉ ምንም ያህል በትልቁ ቢጻፍ፣ ገና መንገድ ላይ ነው።